ችግር ሳይከማች



በፔታሕ ቲክቫ ለሚኖር አዲስ ገቢ ቤተሰብ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በፖስታ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የአርኖና ሒሳብ፣ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ማስታወቂያ፣ ከኩፓት ሖሊም የምርመራ ቀጠሮ ይደርሳል። ጽሑፉ ዕብራይስጥ ስለሆነ «ነገ እናየዋለን» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ወራት ሲያልፉ መሳቢያው ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ እርሱን መክፈት ራሱ ያስፈራል።

አርኖናን እንመልከት። አዲስ ገቢ ከተመዘገበ በኋላ ባሉት 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወራት፣ እስከ 100 ካሬ ሜትር ለሚደርስ ቤት፣ እስከ 90 በመቶ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ማመልከት ያስፈልጋል። ደብዳቤው ሳይከፈት ከቆየ መብቱ ያልፋል፤ ዕዳው ግን አያልፍም፣ ወለድም ይጨመርበታል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ምሽት ይወስኑና ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡ። ማንበብ ባይችሉም እንኳ ደብዳቤውን ሁሉ ይክፈቱ። ቀንና የገንዘብ መጠን የተጻፈበትን ለይተው በማግስቱ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ቋንቋውን ወደሚያውቅ ዘመድ ይውሰዱ። በሳምንት አንድ ጉዳይ ቢፈጸም በቂ ነው። ዕብራይስጥ ቶሎ የሚለምዱት ልጆች ስለሆኑ ደብዳቤው ሁሉ ለእነርሱ ሲሰጥ ይታያል። ይህ መልካም አይደለም፤ የአሥር ዓመት ልጅ የቤቱን ዕዳ በልቡ ይዞ ትምህርት ቤት መሄድ የለበትም።

የሚኖሩባት ከተማም የቆመችው እንዲህ ባለ አዝጋሚ ሥራ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡ አይሁድ በያርኮን ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። ረግረጉ የወባ መፍለቂያ ነበርና ብዙዎች ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ፤ ቦታውንም ለቀቁ። በ1984 በሱዳን መጠለያዎች ያለፉ ወገኖቻችን ወባ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የተመለሱት ሰፋሪዎች መኖሪያቸውን በይሁድ አድርገው እርሻቸውን ይሠሩ ነበር። ረግረጉም በዓመታት ውስጥ ደረቀ፤ ባሕር ዛፍም ተተከለ፣ ይህን ዛፍ ለእኛ አገር ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

የተከማቸ ጭንቀት በሰውነት ላይም ይወጣል። ራስ ያማል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በእኛ ዘንድ ችሎ መኖር ክብር፣ ገበናን መሸፈንም ጨዋነት ነው። ሆኖም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደተባለው፣ ለቤተሰብ ሐኪምዎ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ያስጨነቀዎትንም ይንገሩ። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙን ምሥጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ ደግሞ የአእምሮ ጤና ሕክምና የሚሰጠው በኩፓት ሖሊም በኩል ነው።

ሞትን መመኘት ወይም በቤተሰብ ላይ እጅ የማንሣት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮም ሆነ የሳምንቱን ምሽት አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት በ1201 ኤራን ወደተባለው የስልክ እርዳታ ይደውሉ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 101 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ።