ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ስለ ማስጌጥ

በጎርጎራ በጣና ዳር ቤቱን ለእንግዳ ለጥቂት ቀን የሚያከራይ ሰው፥ ፎቶግራፉ በማኅበራዊ መገናኛ አምሮ እንዲታይለት ቤቱን ቢያስጌጥ አይነቀፍም። ነገር ግን እኛ በፎቶግራፍ ተማርከን በተከራየነው ቤት የላስቲክ አበባ ግድግዳውን ሞልቶት ሳለ የእጅ መታጠቢያ ውሃ አጣን።

በዚያው በጎርጎራ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም ግን በውጭ ስትታይ የሣር ክዳን ናት፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሣሉት ሥዕሎቿ ያሉት በውስጥ ነውና የገባ ሰው ካሰበው አብልጦ ያገኛል።

ስለዚህ አከራይ አስቀድሞ ውሃውንና ንጹሕ አንሶላ ያሰናዳ። ለጌጥም ሰሌንና መሶብ ይበቃዋል፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ ቢያዞረው ጣና ራሱ ሥዕል ይሆንለታል። ፎቶግራፉንም ከዚህ በኋላ ያንሣ፤ ያን ጊዜ እንግዳው ያየውን ያገኛል፥ አከራዩም አያፍርም።