በአሜሪካ የሚኖሩ አረጋውያን የመድኃኒት ወጪ እንዴት እንደሚታሰብ

ሰው በዕድሜው እየገፋ በሄደ መጠን የሐኪምን ርዳታ አብዝቶ መፈለጉ የታወቀ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ጥቂት ቀን ታክመው የሚሰናበቱ በሽታዎች አይደሉም፤ መድኃኒታቸው በየቀኑ፣ ብዙውን ጊዜም እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ድረስ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ በእርጅና ዘመን የመድኃኒት ዋጋ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና አጠባበቅም ጉዳይ ይሆናል። ዋጋውን ፈርቶ ክኒኑን ለሁለት የሚከፍል፣ ወይም አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን የሚያሳልፍ አረጋዊ ገንዘብ የቆጠበ ይመስለዋል። ነገር ግን የደም ግፊቱ ያለ ከልካይ ከፍ ብሎ ለስትሮክ ወይም ለኩላሊት ሕመም ሊያጋልጠው ይችላል።

ዛሬ ከከተሞቻችን ነዋሪዎች ብዙዎቹ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚኖሩ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች አሏቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በዚያው ለረጅም ዘመን ሠርተው ያረጁ፣ ሌሎቹም በስተርጅና ልጆቻቸው ያስመጧቸው ናቸው። በአገራችን መድኃኒት ቤት ገብቶ፣ ዋጋ ጠይቆና ከፍሎ መውጣት ለለመደ ሰው የዚያ አገር አሠራር ግራ ያጋባዋል፤ አንዱ መድኃኒት በዓመቱ መጀመሪያ በአንድ ዋጋ፣ በመካከሉ በሌላ ዋጋ፣ በመጨረሻው ደግሞ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይችላልና። መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ከዘመድ በስልክ ምክር በተጠየቁ ጊዜ ሊያስረዱ ይችሉ ዘንድ አሠራሩን ከዚህ በታች እንገልጻለን። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዋስትናው አመሠራረት

ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ሕግ ሆነ። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች የሆስፒታልንና የሐኪምን ወጪ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በቤት የሚወሰደውን መድኃኒት ግን በጠቅላላው አይጨምርም ነበር። ይህ ጉድለት በ2003 በወጣ ሕግ ተሻሻለ፤ «ክፍል ዲ» የተባለው የመድኃኒት ዋስትናም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዋስትናውን የሚሰጡት መንግሥት የፈቀደላቸው የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። እያንዳንዱ ዕቅድ የራሱ ዋጋ፣ የራሱ የመድኃኒት ዝርዝርና የራሱ የተመረጡ መድኃኒት ቤቶች አሉት። የግራ መጋባቱም ምንጭ ይኸው ነው።

ሦስት ክፍያዎችና አንድ ጣሪያ

1ኛ. ወርኃዊ መዋጮ። «ፕሪሚየም» የሚባለው ነው። ሰውዬው መድኃኒት ቢወስድም ባይወስድም በየወሩ ይከፈላል።

2ኛ. መነሻ ወጪ። «ዲዳክቲብል» ይሉታል። ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ባለ ዋስትናው በየዓመቱ ከራሱ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። በ2026 ማናቸውም ዕቅድ ከ615 ዶላር በላይ ሊጠይቅ አይችልም፤ ከዚህ ያነሰ የሚጠይቁ ወይም ፈጽሞ የማይጠይቁ ዕቅዶችም አሉ።

3ኛ. የድርሻ ክፍያ። መነሻው ከተሟላ በኋላ ባለ ዋስትናው በእያንዳንዱ ግዢ የሚከፍለው ድርሻ ነው። በሕጉ መደበኛ አሠራር ይህ ድርሻ ከመድኃኒቱ ዋጋ 25 በመቶ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ግን መድኃኒቶችን በደረጃ ከፍለው ለየደረጃው ልዩ ልዩ ክፍያ ይወስናሉ። «ጄነሪክ» የሚባሉት፣ ፍሬ ነገራቸው አንድ ሆኖ ያለ ንግድ ስም የሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛው ደረጃ ይገኛሉ።

ጣሪያው ደግሞ ሰውዬው በአንድ ዓመት ውስጥ ከኪሱ ከሚያወጣው የማያልፍ ልክ ነው። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት ጣሪያው በ2025 በ2,000 ዶላር ተጀመረ፤ በ2026 ደግሞ 2,100 ዶላር ሆነ። ከዚህ ልክ የደረሰ ሰው እስከ ዓመቱ መጨረሻ በዝርዝሩ ውስጥ ላሉት መድኃኒቶቹ ምንም አይከፍልም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌ እንስጥ። አንዲት እናት ዋጋው በወር 600 ዶላር የሆነ መድኃኒት ይወስዳሉ እንበል፤ ዕቅዳቸውም የ2026ን መደበኛ አሠራር የሚከተል ነው። በጃንዋሪ ሙሉውን 600 ዶላር ይከፍላሉ። በፌብሩዋሪ ለመነሻው የቀረውን 15 ዶላርና ከቀሪው ዋጋ 25 በመቶውን፣ በድምሩ 161.25 ዶላር ይከፍላሉ። ከማርች እስከ ኦክቶበር በየወሩ 150 ዶላር ይሆናል። በኖቬምበር 138.75 ዶላር ከፍለው ከጣሪያው ይደርሳሉ፤ በዲሴምበርም የሚከፍሉት የለም። እንግዲህ እኚህ እናት በጃንዋሪ የተጠየቁትን 600 ዶላር ዓመቱን ሙሉ በየወሩ የሚከፈል መስሏቸው መድኃኒቱን ቢተዉ፣ ስለ አሠራሩ የሚነግራቸው በማጣት ብቻ ጤናቸውን አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው።

እንዲህ ላለው የዓመት መጀመሪያ ሸክም ከ2025 ጀምሮ መፍትሔ ተደርጎለታል። ባለ ዋስትናው ኩባንያውን ጠይቆ ክፍያውን ያለ ወለድ በዓመቱ ወሮች ላይ ማከፋፈል ይችላል። ይህ ግን ጊዜን ያደላድላል እንጂ ዕዳውን አይቀንስም። እንዲሁም ወርኃዊው መዋጮና ከዝርዝሩ ውጭ የተገዛ መድኃኒት ከጣሪያው እንደማይቆጠሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ በዕቅዱ የተሸፈነ የኢንሱሊን ዓይነት ከ2023 ጀምሮ ለአንድ ወር ከ35 ዶላር በላይ አይጠየቅበትም። አልማዝ ባለ ጭራ የተባለውን በሽታ የሚከላከለውን ጨምሮ ለአዋቂዎች የታዘዙ የክፍል ዲ ክትባቶችም ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። መንግሥት ከአምራቾች ጋር ተደራድሮ የ10 መድኃኒቶችን ዋጋ ስለ ወሰነ፣ አዲሱ ዋጋ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ይሠራል። ከእነዚህም አንዱ ጃኑቪያ የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው፤ የ30 ቀን መጠኑ በ2023 ከነበረው የ527 ዶላር የዝርዝር ዋጋ ወደ 113 ዶላር ወርዷል።

ዕቅድ ስለ መምረጥ

ብዙ ሰዎች ወርኃዊ መዋጮው ያነሰውን ዕቅድ ብቻ አይተው ይመርጣሉ። ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ለምሳሌ አንዱ ዕቅድ በወር 10 ዶላር፣ ሌላው 45 ዶላር ይጠይቃል እንበል። በመጀመሪያው ዕቅድ የአረጋዊው መድኃኒቶች በከፍተኛ ደረጃ ተመድበው በዓመት 1,400 ዶላር ቢያስወጡት፣ ጠቅላላው 1,520 ዶላር ይሆናል። በሁለተኛው ግን የመድኃኒቶቹ ድርሻ 480 ዶላር ቢሆን፣ ከመዋጮው ጋር 1,020 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ሁሉ ከነመጠናቸው በወረቀት መጻፍ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ዕቅድ የዓመቱን ድምር ማስላት ይገባል።

ዝርዝሩና ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ዕቅድ የሚለወጥበት ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ አዲሱም ዕቅድ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይጸናል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በዝርዝሩ ባይገኝ፣ ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ኩባንያው እንዲፈቅድ መጠየቅ ይቻላል። ኩባንያውም የሐኪሙ ጽሑፍ ከደረሰው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

የመዘግየት ቅጣት

መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ አረጋዊ «ዋስትናው ለምኔ?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ዋስትናውን ለማግኘት ተፈቅዶለት፣ የመመዝገቢያ ጊዜው ካለፈ በኋላ በቂ የመድኃኒት ዋስትና ሳይኖረው ለተከታታይ 63 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው፣ በዘገየበት ወር ሁሉ ከአገሩ መሠረታዊ መዋጮ 1 በመቶ ይጨመርበታል። በ2026 መሠረታዊው መዋጮ 38.99 ዶላር ነው። 20 ወር የዘገየ ሰው በየወሩ 7.80 ዶላር ይጨምራል፤ ይህም ጭማሪ ዋስትናው እስካለ ድረስ ብዙውን ጊዜ አብሮት ይኖራል።

ገቢያቸው አነስተኛ ስለ ሆኑትና በቅርብ ስለ ሄዱት

ገቢያቸውና ንብረታቸው ከተወሰነው ልክ ለማያልፍ ሰዎች «ኤክስትራ ሄልፕ» የተባለ የመንግሥት ድጎማ አለ። የገቢው ልክ ከድህነት መስመር 150 በመቶ ሲሆን፣ የሚኖሩበት ቤትና መኪና ከንብረት አይቆጠሩም። ይህን ድጎማ ያገኘ ሰው መነሻ ወጪ የለበትም፤ በ2026 ለአንድ ጄነሪክ መድኃኒት ከ5.10 ዶላር፣ ለባለ ንግድ ስም መድኃኒት ከ12.65 ዶላር በላይ አይከፍልም፤ ከመዘግየት ቅጣትም ነጻ ነው። ማመልከቻው ያለ ክፍያ ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። መጠየቅን እንደ ልመና ቆጥረው የሚያፍሩ ሽማግሌዎች፣ ይህ በሕግ የተሰጠ መብት መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

በልጆቻቸው አማካይነት የሄዱ ወላጆች፣ ራሳቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው በዚያ አገር 10 ዓመት ያህል ሠርተው ግብር ያልከፈሉ ከሆነ፣ 65 ዓመት ሞልቷቸው በቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ 5 ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ በኋላ ሜዲኬርን በክፍያ ሊገቡበት ይችላሉ። ስለዚህ ልጆች ወላጆቻቸውን ከማስመጣታቸው በፊት ለእነዚያ 5 ዓመታት የመድኃኒቱ ወጪ በምን እንደሚሸፈን ማሰብ አለባቸው። በጁላይ 2025 የወጣ ሕግ ዜግነት ከሌላቸው ሰዎች መካከል ሜዲኬር የሚያገኙትን በአብዛኛው በቋሚ ነዋሪዎች ስለ ወሰነ፣ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ፈቃድ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች ጉዳያቸውን በጊዜ ያጣሩ። ከአሜሪካ ውጭ የተገዛ መድኃኒት በዚህ ዋስትና አይሸፈንም፤ ስለዚህ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አገራችን የሚመጡ አረጋውያን የሚበቃቸውን ይዘው ለመምጣት ሐኪማቸውንና መድኃኒት ቤታቸውን አስቀድመው ያማክሩ።

ከቤተ ሰብ የሚጠበቀው

ወላጆቻችን «ልጆቼን አላስቸግርም» ብለው ችግራቸውን መደበቅ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ «መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን፣ ልጄ» ነውና። አብሯቸው የሚኖር ሰው በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ቀንና የክኒኑን ቁጥር ከቀረው ጋር ያመሳክር። ለ30 ቀን የተሰጠው መድኃኒት በ45ኛው ቀን ካላለቀ፣ አረጋዊው እየቀነሱ መሆናቸውን ይጠርጥርና በአክብሮት ምክንያቱን ይጠይቅ። ምክንያቱ ዋጋው ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ይነገረው፤ ርካሽና ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ መድኃኒት ሊያዝ ይችላልና። በየክፍለ ግዛቱ «ሺፕ» የተባለው የምክር አገልግሎት ዕቅዶችን ያለ ክፍያ ያነጻጽራል፤ የሜዲኬር የስልክ ቁጥርም 1-800-633-4227 ሲሆን አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ የሐኪም ትእዛዝ የሆነውን ክኒን በገዛ ፈቃድ መቀነስ ግን ከማናቸውም ዋጋ የከበደ ኪሳራ መሆኑን ለወላጆቻችሁ ታስረዱ ዘንድ አደራ እንላለን።