የሊኑክስ ተጠቃሚ ይከፍላል እንዴ?

ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ለሶፍትዌር ሳንቲም አያወጣም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሀምብል ኢንዲ በንድል» ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጥቂት ጌሞች አንድ ላይ ቀረቡና «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ተባለ፤ 1 ሳንቲምም ይበቃ ነበር። የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች በአማካይ 8 ዶላር ገደማ ሲከፍሉ፣ የሊኑክሶቹ ከ14 ዶላር በላይ ከፈሉ። በቁጥር ግን ያንሱ ነበር፤ ያው የቤት ኪራይ በአማካይ አይከፈልም።

የሚያምታታው «ነጻ» የምትለዋ ቃል ናት። ሪቻርድ ስቶልማን እኮ በ1985 ኢማክስን በቴፕ እየገለበጠ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ነጻ ያለው ኮዱን የማየትና የመቀየር መብቱን እንጂ ዋጋውን አይደለም።

ስልካችሁ ላይ ያለው አንድሮይድም መሠረቱ ሊኑክስ ነው። እናንተስ ለአፕ መጨረሻ የከፈላችሁት መቼ ነው?