ምስጢር አውጪን መቼ ይይዙታል?



መርማሪዎች ምስጢር በማውጣት የጠረጠሩትን ሰው ወዲያው የማይይዙት ለምንድን ነው? ከቸኮሉ ማስረጃ ያንሳቸዋል፤ ከዘገዩ ምስጢሩ ይወጣል፣ ሰውየውም ሊያመልጥ ይችላል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የሲአይኤ ባልደረባውን አልድሪች ኤምስን ለወራት በድብቅ ተከታተለው፤ ከቤቱ ቆሻሻ ውስጥ ሳይቀር ማስረጃ ለቀመ። ወደ ሞስኮ ሊጓዝ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.፣ ያዘው።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓህ (ረ.ዐ) የመካን ዘመቻ ለቁረይሾች በደብዳቤ ሊያሳውቅ ሞክሮ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድመው ዐሊይን፣ ዙበይርንና ሚቅዳድን ልከው ደብዳቤውን ከተሸካሚዋ ሴት አስያዙ። ከዚያ ሓጢብን አስጠርተው ጠየቁት። መካ ያሉ ቤተሰቦቹን ለማስጠበቅ እንደሆነ ሲናገር እውነቱን ተቀበሉት። ዑመር (ረ.ዐ) ይገደል ቢሉም፣ በድር ላይ መዋሉን አስታውሰው ከለከሉ።

እኛም ግቢ ውስጥ «እገሌ ወሬያችንን ያወጣል» ሲባል ይህን ቅደም ተከተል እንያዝ፦ መጀመሪያ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ሰውየውን መስማት፣ መጨረሻ ፍርድ። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የሚያዘን ማጣራትን ነው። ያገለልነው ወንድም ወይም ያገለልናት እህት ንጹሕ ሆነው ቢገኙ ጸጸቱ የእኛ ነው።