"ወላጅ አምጣ" ከመባሉ በፊት፦ ቤትና ትምህርት ቤት ልጅን በጋራ የሚደግፉበት መንገድ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ 18 ማዞሪያ አካባቢ የሥራ ቀን በማለዳ ይጀምራል። ወደ መርካቶ የሚሄድ ነጋዴ፣ ወደ አጠና ተራ የሚያመራ የቀን ሠራተኛ፣ ታክሲ የሚጠብቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛና ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ወላጅ ልጁን መንገድ አሻግሮ፣ ወይም ለታላቁ አደራ ብሎ፣ ወደ ሥራው ይቸኩላል። ማታ ሲመለስ ልጁ ወይ ተኝቷል፣ ወይ ደብተሩ ላይ አንቀላፍቷል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ብዙ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚረግጠው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምዝገባና ካርድ ለመቀበል ነው። ሦስተኛው አጋጣሚ ሳይታሰብ የሚመጣ ሲሆን፣ ይኸውም ልጁ ጥፋት አጥፍቶ "ወላጅ አምጣ" ሲባል ነው።

ይህ ጽሑፍ ወላጆችና መምህራን ጥፋት እስኪፈጠር ሳይጠብቁ ልጆችን በጋራ እንዴት መደገፍ እንደሚችሉ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ እንዲሁም ችግር ሲያጋጥም አገልግሎት ከየት እንደሚገኝ ያብራራል።

የ"ወላጅ አምጣ" ልማድ ጉድለት

ወላጅን ወደ ትምህርት ቤት መጥራት በራሱ ስሕተት አይደለም። ችግሩ የሚፈጠረው ቤትና ትምህርት ቤት የሚገናኙበት ብቸኛው አጋጣሚ ይህ ሲሆን ነው። ልጁ ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩት እርሱን ለመቅጣት ብቻ እንደሆነ ከተረዳ፣ እንዳይገናኙ የተቻለውን ሁሉ ያደርጋል።

በአዲስ አበባ ተምሮ ያደገ ሰው "የተከራየ ወላጅ" የሚባለውን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። ወላጅ እንዲያመጣ የታዘዘ ተማሪ ከመንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ለምኖ፣ አንዳንዴም የሻይ ከፍሎ፣ "አጎቱ ነኝ" አስብሎ ርዕሰ መምህሩ ፊት ያቀርባል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይወራል፤ ነገር ግን ረጋ ብሎ ለተመለከተው የሚያሳስብ ነው። ይህ ልጅ ከገዛ አባቱ ወይም እናቱ ይልቅ የማያውቀውን መንገደኛ አምኗል ማለት ነው። መምህሩ ከቤተሰቡ ጋር የተነጋገረ ይመስለዋል፤ ወላጅ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የችግሩ መነሻም ሳይነካ ይቀራል።

የዚህ ፍርሃት ሌላው መገለጫ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። አንዳንድ ልጆች ወላጅ አቅርቡ ከተባሉበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ከቤት ይወጣሉ፤ ትምህርት ቤት ግን አይደርሱም። ቀኑን በጎዳና፣ በጌም ቤት ወይም በፑል ቤት አሳልፈው በመውጫ ሰዓት ይመለሳሉ። ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ልጁ ወደ ክፍል ቢመለስ እንኳ ያመለጠውን ትምህርት ማካካስ ይከብደዋል። ብዙ ጊዜ ትምህርት ማቋረጥ የሚጀምረው እንዲህ በዝምታ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው። በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳለውም በግልጽ ተቀምጧል። ሕፃናትን የሚመለከት ማናቸውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ጥቅምና ደኅንነት ቀዳሚ ሊሆን ይገባል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ጥበቃውን ወደ ቤት ውስጥ ያደርሰዋል። ሕፃኑ በወላጆቹ እጅ ባለበት ጊዜም ከአካላዊና ከአእምሯዊ ጥቃት ሊጠበቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። በአዲስ አበባ ተፈጻሚ በሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። አባትና እናት በጋብቻ ውስጥ ሳሉ የልጃቸውን አስተዳደግ የሚመለከተውን ኃላፊነት በጋራ ይወጣሉ። ስለዚህ "የልጅ ነገር የእናቱ ነው" የሚለው አባባል በሕግም ቦታ የለውም።

ብዙዎቻችን ያደግነው በአለንጋና በኩርኩም ነው። "እኛም ተቀጥተን ነው ሰው የሆንነው" የሚለው መከራከሪያ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ይነሣል። ይሁን እንጂ የተገረፈ ልጅ በቅድሚያ የሚማረው ጥፋቱን መደበቅን ነው። "የተከራየ ወላጅ" የሚመጣውም ከዚህ ነው። ዱላ ቀርቷል ማለት ግን ሥርዓት ቀርቷል ማለት አይደለም። ልጅ ገደብ ያስፈልገዋል፤ ገደቡ አስቀድሞ የተነገረ፣ ምክንያቱ የተብራራና በየጊዜው የማይለዋወጥ ሊሆን ይገባል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ወላጅ የተማረ ባይሆንም ልጁን በትምህርት መደገፍ ይችላል። ፊደል ያልቆጠረች እናት የሒሳብ ጥያቄ መፍታት ባትችልም፣ ልጇን በየማታው "ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ ለእኔ አስረዳኝ" ማለት ትችላለች። የተማረውን በራሱ ቃል ለሌላ የሚያስረዳ ልጅ ትምህርቱን የበለጠ ይይዛል። ደብተሩ በየቀኑ እንደሚታይ ካወቀም የቤት ሥራውን አይዘነጋም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ረጅም ሰዓት የሚሠራ ወላጅ ሙሉ ቀን ከልጁ ጋር ሊውል አይችልም። ነገር ግን ስልክና ቴሌቪዥን ተዘግተው፣ በእራት ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ ከልጅ ጋር መጫወት ይቻላል። አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ትውልዶች ያዳምጧቸው የነበረው በፍቅር እንጂ ተገደው አልነበረም። ተረት ምክርን ያለ ቁጣ ያስተላልፋል። አያት ያለበት ቤት ደግሞ ይህ ሀብት በእጁ ነው።

ሦስተኛው ዕረፍት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካካ ያመሸ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ "ሰነፍ" የሚል ስም ሊሰጠው አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ በስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል። ለሚያለቅስ ሕፃን ስልክ ሰጥቶ ማባበል የተለመደ እየሆነ በመምጣቱ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በትምህርት ቤትስ?

መምህራን ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ያስተምራሉ፤ እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ መከታተል ቀላል አይደለም። ቢሆንም የሚከተሉት ተግባራት ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም።

ስም ጠሪው መምህር በመስከረም ወር ውስጥ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር አጭር ትውውቅ ቢያደርግና ትክክለኛ ስልክ ቁጥር ቢይዝ፣ "የተከራየ ወላጅ" የሚገባበት ቀዳዳ ይዘጋል። የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ደግሞ ስለ ጥፋት ባይሆን ይመረጣል። "ልጅዎ ዛሬ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ተሳትፎ አድርጓል" የሚል የአንድ ደቂቃ ጥሪ፣ በኋላ ችግር ሲፈጠር ወላጁ መምህሩን እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ አጋር እንዲያይ ያደርጋል።

ጥፋት ሲኖርም የሚወቀሰው ድርጊቱ እንጂ ልጁ መሆን የለበትም። "አንተ ደደብ" ማለትና "የቤት ሥራህን ለሦስተኛ ጊዜ አልሠራህም፤ ምክንያቱን ንገረኝ" ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ልጁን ያሸማቅቃል፤ ሁለተኛው መልስ ይጠይቃል። ተግሣጹ በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻ ሲሆን ልጁ ክብሩን ሳያጣ ጥፋቱን ለማመን ይቀለዋል።

ለአብነት በ7ኛ ክፍል የሚማር፣ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥና ከሰሌዳ የማይገለብጥ ተማሪን እንውሰድ። ከውጭ ሲታይ ግዴለሽ ይመስላል። ሲጠየቅ ግን ዓይኑ ከሩቅ አጥርቶ የማያይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽት ቤተሰቡን በሥራ የሚያግዝ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ በመንገድ ላይ የሚያስፈራራው ልጅ ይኖራል። ለመጀመሪያው መፍትሔው የዓይን ምርመራና የፊት ወንበር ነው፤ ለሁለተኛው ከቤተሰብ ጋር መነጋገር፤ ለሦስተኛው ጥበቃ ማድረግ። ዱላ ለሦስቱም መፍትሔ አይሆንም።

ወላጅና መምህር ሲገናኙ

ውይይቱ ፍሬ እንዲኖረው በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ቢካሄድ ይጠቅማል። ልጁ ምን ጥሩ ነገር አለው? ምን ከብዶታል? እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ቤትና ትምህርት ቤት እያንዳንዳቸው ምን ያደርጋሉ? ልጁም ተገኝቶ ሐሳቡን እንዲናገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል። የተስማሙበትን በመገናኛ ደብተር ላይ መጻፍና የሚቀጥለውን ቀን መወሰን አስፈላጊ ነው። መምህሩ ከወላጁ የሥራ ሁኔታ አንጻር ሰዓቱን ቢያመቻች፣ ወላጁም ቀጠሮውን ቢያከብር፣ ግንኙነቱ ይዘልቃል። ወላጅ ከስብሰባው ወጥቶ በመንገድ ላይ ልጁን የሚመታ ከሆነ ግን የተደረገው ውይይት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በፈተና ዓመታት

በአዲሱ የትምህርት መዋቅር መሠረት ከሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ በኋላ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በአዲስ አበባ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከተማ አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ይህ ቁጥር ለብዙ ቤተሰብ ድንጋጤን ፈጥሯል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ልጁን በመጨረሻው ዓመት ማስጨነቅ አይደለም። በ12ኛ ክፍል የሚታየው ክፍተት የሚጀምረው አንብቦ መረዳት በሚገባው በታችኛው ክፍል ነው። ስለዚህ የ3ኛ ክፍል ተማሪ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳቱን ማረጋገጥ ከፈተና ወቅት ቁጣ የበለጠ ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. በ4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን የመሳሰሉ ተቋማት ለንባብ አመቺ በመሆናቸው በዕረፍት ቀናት ልጆችን ይዞ መሄድ ይመከራል። ውጤት ዝቅ ብሎ ሲመጣም "የጎረቤት ልጅ እንኳ" ብሎ ማወዳደር ሳይሆን የትኛው ርዕስ እንደከበደ አብሮ መፈለግ ይገባል።

ችግር ሲያጋጥም ወዴት ይኬዳል?

የልጅ ጠባይ በድንገት ሲለወጥ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ሲፈራ፣ ምግብ ሲተው፣ ከጓደኞቹ ሲገለል ወይም ሰውነቱ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ጉዳት ሲታይ በቸልታ ማለፍ አይገባም።

ትምህርትን የሚመለከት ጉዳይ በቅድሚያ ለስም ጠሪው መምህር፣ ቀጥሎ ለርዕሰ መምህሩ ይቀርባል። መፍትሔ ካልተገኘ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመኅ) ወይም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል። አቤቱታው የልጁን ስም፣ ክፍልና ምድብ፣ የተፈጸመውን ነገርና ቀኑን የያዘ የጽሑፍ ማመልከቻ ቢሆን ለክትትል ይረዳል።

የማየት፣ የመስማት ወይም የመማር ችግር የሚጠረጠር ከሆነ በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ማስመርመርና ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ድጋፍ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ይገባል።

በኑሮ ችግር ምክንያት ልጅ ከትምህርት የሚቀር ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ነውር አይደለም። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች የምገባ መርሐ ግብር በሥራ ላይ ነው።

ጥቃት ሲፈጸም ወይም ሲጠረጠር ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጾታዊ ጥቃት ከሆነ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ ይሰጣል። ጉዳዩን በሽምግልና ለመሸፈን መሞከር ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ መጉዳት ነው።

በአጠቃላይ ልጅ በቤቱና በትምህርት ቤቱ መካከል በየቀኑ ይመላለሳል። በሁለቱም ቦታ የሚጠብቁት አዋቂዎች የሚተዋወቁና የሚነጋገሩ ከሆነ በሐሰት የሚያቆመው ወላጅ አያስፈልገውም። ስለዚህ ወላጆች እስኪጠሩ ሳይጠብቁ በዚህ ወር አንድ ቀን ወደ ልጃቸው ትምህርት ቤት ጎራ ብለው ስም ጠሪውን መምህር እንዲያነጋግሩ፣ መምህራንም በራቸውን ክፍት እንዲያደርጉ ጥሪያችንን እናቀርባለን።