ፊደላቸው አንድ፥ ትርጓሜያቸው ልዩ ልዩ ስለ ኾኑ ቃሎች

ልጆች ሆይ፤ ፊደልን መቍጠር የንባብ ደጅ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ከሀ እስከ ፐ ያለውን የለየ ተማሪ በደጁ ገብቷል፤ ቃል ከቃል የሚለይበትን ምክንያት ካላወቀ ግን ገና በግቢው ቆሟል። ብዙ ቃሎች እንደ መንታ ወንድማማች ፊታቸው ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። እንግዲህ እነዚህን ቃሎች በሦስት ወገን ከፍለን እንመልከታቸው።

መዠመሪያው ወገን መነሻቸው አንድ ዐይነት የኾነ ቃሎች ናቸው። ለምሳሌ ነ እና ጋ በተከታታይ የሚገኙባቸውን እንይ።

ነጋ ማለት ሌሊቱ ዐለፈ፥ ብርሃን ኾነ ማለት ነው።
ነጋሪ ማለት የሚነግር፥ ወሬ የሚያደርስ ነው።
ነጋዴ ማለት ሸቀጥ ገዝቶ የሚሸጥ ነው።
ነጋሢ ማለት የሚነግሥ፥ ንጉሥ ነው።
ነጋሪት ማለት ዐዋጅ ሲነገር የሚመታ ትልቅ ከበሮ ነው።

ይህን ያየ ሰው «ሁሉም ከነጋ የወጡ ናቸው፤ ነጋዴም ነጋዴ የተባለው ሲነጋ ተነሥቶ ወደ ገበያ ስለሚኼድ ነው» ብሎ ይገምት ይኾናል። ግምቱ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። የቃል ዘር የሚታወቀው በግሡ ነውና። ነጋሪ ከነገረ ይወጣል፤ ዘመዶቹም ነገርና ንግግር ናቸው። ነጋዴ ከነገደ ይወጣል፤ ዘመዱም ንግድ ነው። ነጋሢ ከነገሠ ይወጣል፤ ዘመዶቹም ንጉሥ፥ ንግሥት፥ መንግሥት ናቸው። የነጋ ዘመድ ንጋት ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የሚዛመዱ ነጋሪና ነጋሪት ናቸው፤ ነጋሪት በድምፁ ሕዝቡን ሰብስቦ ዐዋጁን ስለሚያሰማ ነው። ስለዚህም መንግሥት በ1934 ዓ.ም. ሕጎችን እያተመ የሚያወጣበትን ጋዜጣ ሲያቋቁም ነጋሪት ጋዜጣ ብሎ ሰየመው። ከ1987 ዓ.ም. ዠምሮም የፌዴራሉ መንግሥት ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል። ከበሮው ዝም ቢል ስሙ በወረቀት ላይ ይናገራል።

የቃሎችን ዘር እየፈለጉ ለማኖር የደከሙ ሊቃውንት አሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝን ቃሎች ከየግሣቸው ጋራ አሰናድተው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ፈጽመው መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ቃል የጠፋበት ሰው ከገማች ይልቅ መዝገበ ቃላትን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ወገን ፊደላቸው ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ የኾነ፥ በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለዩ ቃሎች ናቸው። ፊደላችን የድምፅን መጥበቅ አያሳይም፤ አንዳንድ ደራስያን በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ያኖራሉ፤ አብዛኛው ጽሑፍ ግን ያለ ነጥብ ነው። ስለዚህ አንባቢው በራሱ ማስተዋል መለየት አለበት።

ገና ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው።
አለ ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል፥ ይኖራል ማለት ነው።
ሰፊ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልኾነ ነው።
ዋና ሲላላ በውሃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጥ፥ አለቃ ነው።
አባይ ሲላላ ሐሰት የሚናገር ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ከጣና ወጥቶ ወደ ሱዳን የሚወርደው ታላቅ ወንዝ ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ፥ አጠና ተራ የሚባል ስፍራ አለ። አጠና ሲላላ ለቤት ሥራና ለዐጥር የሚኾን ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ሲጠብቅ ግን «ተማሪው ትምህርቱን አጠና» እንደምንለው ነው። አጠና ተሸካሚው ትከሻው ይደክማል፤ ትምህርት የሚያጠናውም ዐይኑ ይደክማል፤ ሁለቱም ግን ቤት ይሠራሉ።

ይህ ነገር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማንበብ የማያውቁ ሽማግሌ ከአገር ቤት ደብዳቤ ቢመጣላቸው፥ የጎረቤት ልጅ ጠርተው «እስቲ ልጄ፥ አንብብልኝ» ይላሉ። በደብዳቤውም «ወንድምዎ ይከሳልና ፈጥነው ይምጡ» የሚል ቢገኝ ልጁ እንዴት ያነባል? ሳውን አላልቶ ቢያነብ፥ ወንድማቸው ሥጋው እያለቀ ነው፤ ሽማግሌው የመድኀኒት ገንዘብ ይዘው ይነሣሉ። ሳውን አጥብቆ ቢያነብ፥ ወንድማቸው ሰውን በዳኛ ፊት ሊከስ ነው፤ ሽማግሌው ምስክር ሲፈልጉ ይሰነብታሉ። በሽተኛው በአልጋ ላይ ሳለ ምስክር የሚፈለግ ከኾነ፥ በአንድ ፊደል መጥበቅ ነፍስ ልትጐዳ ነው። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ ይቆማል፤ በፊቱና በኋላው ያሉትን ቃሎች ይመለከታል። ከዚያ በታች ስለ ሐኪም ቢነገር አንደኛው ነው፤ ስለ ዳኛ ቢነገር ሁለተኛው ነው። አስተዋይ ጸሓፊም «ሰውነቱ ይከሳል» ወይም «በዳኛ ፊት ይከሳል» ብሎ አንድ ቃል ይጨምራል። የአንድ ቃል ቀለም ብዙ አያስወጣም።

ሦስተኛው ወገን ድምፃቸው አንድ ኾኖ ፊደላቸው የሚለይ ቃሎች ናቸው። እነዚህ ለዦሮ መንታ ናቸው፤ ለዐይን ግን አይደሉም። ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ ንግግር አንድ ድምፅ ኾነዋል። እንዲሁም ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ ጋራ፥ አልፋው አ ከዐይኑ ዐ ጋራ፥ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋራ ተባብረዋል። በግዕዝ ግን እነዚህ ፊደሎች ትርጓሜን ይለያሉ።

በንጉሡ ሠ ሠረቀ ሲባል ወጣ፥ አበራ ማለት ነው፤ ለፀሐይ ይነገራል። በእሳቱ ሰ ሰረቀ ሲባል የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። በሐመሩ ሐ መሐረ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ምሕረት ከዚህ ይወጣል። በሃሌታው ሀ መሀረ አስተማረ ማለት ነው፤ መምህርና ምሁር ከዚህ ይወጣሉ። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሠዐለ መልክን ነደፈ ማለት ነው፤ ከዚህም ሥዕል ይወጣል። በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሰአለ ለመነ ማለት ነው፤ ከዚህም ስእለት ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ድኅነትና ድህነት ነው። በብዙኃኑ ኀ ድኅነት መዳን ነው። በሃሌታው ሀ ድህነት ግን ማጣት፥ ድኻ መኾን ነው። ወዳጁን ሊመርቅ «ድኅነትን ይስጥህ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ፊደሉን ቢለውጥ ምርቃቱ ርግማን ይኾናል። ዛሬ ብዙ ሰዎች እነዚህን ፊደሎች አንዱን በአንዱ እየተኩ ይጽፋሉ፤ ይኹን እንጂ ልዩነቱን የሚያውቅ ተማሪ የቀድሞ መጻሕፍትን ሲያነብ አይሰናከልም።

በመጨረሻ የኮልፌ ቀራንዮን ስም ራሱን እንመልከት። ቀራንዮ በወንጌል ክርስቶስ የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው፤ ቃሉ ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ሲኾን የራስ ቅል ማለት ነው። ኮልፌ ከሚለው ጋራ የሚቀራረብ ኮልፋ የሚል ቃል ደግሞ በኦሮምኛ ይገኛል፤ ትርጓሜውም ሳቅ ነው። የሁለት ቃል ፊደል ስለ ተቀራረበ ብቻ አንዱ ከሌላው ወጣ ብሎ መፍረድ ግን አይገባም፤ በነጋና በነጋዴ አይተናልና። መልክ ምስክር ይኾናል እንጂ ዳኛ አይኾንም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ሦስት ነገር ያዙ። ዘሩን ለማወቅ ግሡን ፈልጉ። መጥበቁንና መላላቱን ለማወቅ የቃሉን ጎረቤቶች ጠይቁ። ፊደሉን ለማወቅ መዝገበ ቃላትን ግለጡ። ለራሱ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ራሱን ያሳስታል፤ ለሌላ የሚያነብ ግን የሌላ ሰው ዐይን ነውና ከፍ ያለ ዕዳ አለበት። የቸኰለ አንባቢ ቃሉን ያያል፤ የታገሠ አንባቢ ነገሩን ያገኛል።

መልመጃ። የሚከተሉትን ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም ለዩ።

ሰፊው በሰፊ ቤት ተቀምጦ ይሰፋል።
ገና ገና አልደረሰም።
መምህሩ «መጽሐፉ በሣጥን ውስጥ አለ» አለ።