አንጎሉ ነው የሟሸሸው ወይስ ኮምፒውተሩ ነው የቆረጠው?

በእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ላይ ዘወትር የምናነበው ፖለቲካ ስለሆነ፣ ስለ ኤምአርአይ ልጻፍ ስል ግር የሚላችሁ አትጠፉም። ይሁን እንጂ ወላጆቻችን እዚሁ በስደት እያረጁ ነው፤ የመርሳት በሽታ ምርመራም በየቤታችን እየገባ ነው። ምርመራው ደግሞ የሐኪሙን ዓይን ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተር የተሰላ ቁጥርም ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣና የት ላይ እንደሚሳሳት ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይመስለኝም። እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ እንጀራዬም የሕክምና ምስሎችን በኮምፒውተር ማቀነባበር ነው። ሐኪም ግን አይደለሁም፤ ይህን ልብ ይሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤምአርአይ የሚያነሳው አንጎልን ብቻ አይደለም። ቆዳው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ፣ ዓይን፣ የአንገት ጡንቻ ሁሉ አብሮ ይነሳል። አንጎሉን ለመለካት መጀመሪያ አንጎል ያልሆነውን ሁሉ ማንሳት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የራስ ቅል ገፈፋ እንበለው። ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ምክንያቱም አጥንቱ ራሱ በተለመደው ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ብዙም አያስቸግርም። አስቸጋሪዎቹ በአጥንቱ ውስጥ ያለው መቅኔ፣ ከአጥንቱ ሥር የተለጠፈው ዱራ የሚባለው ሽፋንና ከዓይን ጀርባ ያለው ሥጋ ናቸው፤ ብርሃናቸው ከአንጎሉ ብርሃን ጋር ይቀራረባልና። የተቀቀለ እንቁላል የላጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንዳንዴ ቅርፊቱ ነጩን ይዞት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቅርፊቱ እንቁላሉ ላይ ይቀራል።

«ትንሽ ቢቆረጥስ ምን አለበት?» የሚል ካለ አብረን እናስላ። አንጎል 1,200 ሚሊ ሊትር ነው እንበልና እንደ ኳስ እንቁጠረው። የኳሱ ግማሽ ስፋት 6.6 ሴንቲ ሜትር፣ የገጹ ስፋት ደግሞ 546 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ላይ ዙሪያውን አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብንልጥ 55 ሚሊ ሊትር ገደማ አጠፋን ማለት ነው፤ ከመቶ አራት ተኩል! ጤናማ አረጋዊ በዓመት የሚቀንሰው ግን ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት በወረቀት ላይ ብዙ ዓመት ያስረጃል።

ይህ ተራ ስሌት አይደለም። አንድ የማውቀው ወጣት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እማዬ በሁለት ዓመት ውስጥ አንጎሏ በጣም ሟሸሸ ተባለ» አለኝ። ልጆቹ ተሰብስበው፣ ገሚሱ «አገር ቤት እንውሰዳት»፣ ገሚሱ «እዚሁ መታከም አለባት» ተባብለው ተኳርፈዋል። የቤት ሽያጭ ሁሉ ተነስቷል። ወረቀቱን ላከልኝ። ኮምፒውተሩ «አንጎል ነው» ያለውን ክፍል በቀለም የሚያሳይ ምስል ታትሞበታል። የመጀመሪያው ምርመራ ላይ ቀለሙ እስከ አናት ይደርሳል። በሌላ ማሽን የተነሳው ሁለተኛው ላይ ግን ቀለሙ አናት ሳይደርስ ያልቃል፤ ከላዩ ያለው አንጎል በግልጽ እየታየ ሳይቆጠር ቀርቷል። ሁለተኛው ምስል አንገትን አልፎ እስከ ትከሻ ጫፍ ይወርዳል። «ሐኪማችሁ ጋ ውሰዱና ይህን ቦታ በእጃችሁ እያሳያችሁ ጠይቁ» አልኩት። እንደገና ሲሰላ ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። እናትየው ጤነኛ ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ የመርሳቱ ጉዳይ በሌላ ምርመራ ቀጥሏል።

አንገት መታየቱ አናትን እንዴት ያስቆርጣል? ያ ወረቀት በየትኛው ፕሮግራም እንደተሠራ አልተጻፈበትም፤ ሆኖም ይህን ዓይነት ስህተት ለመረዳት በጣም የታወቀውን ፕሮግራም ማየት ይበቃል። የኦክስፎርዱ ስቴፈን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ሲሆን፣ ምህጻረ ቃሉ በእኛ ፊደል ሲነበብ «ቤት» ይሆናል (አንጎልን ከቤቱ የሚያስወጣ ቤት!)። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የጭንቅላቱን የክብደት ማዕከል ይገምታል። እዚያ ላይ ትንሽ ኳስ ያስቀምጥና እንደ ፊኛ እየነፋ፣ የአንጎሉ ብርሃን የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ያቆመዋል። አንገትና ትከሻ በምስሉ ውስጥ ከበዙ ማዕከሉ ወደ ታች ይጎተታል። ፊኛው ያለቦታው ይጀምራል፤ አናት ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ምስል ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው አንገቱን መቁረጥ ነው። ያ ካልበቃ ማዕከሉን በእጅ እሰጠዋለሁ፣ ወይም ፕሮግራሙ ግምቱን ደጋግሞ እንዲያርም አዘዋለሁ። ብዙ ጀማሪ ግን በቀጥታ ኤፍ ወደሚባለው መለኪያ ይሮጣል። ይህ ቁጥር ከ0 እስከ 1 ሲሆን መነሻው 0.5 ነው። ሲቀነስ የአንጎሉ ክልል ይሰፋል፣ ሲጨመር ይጠብባል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስበዋል። ማዕከሉ ሳይስተካከል ይህን ቁጥር ማሽከርከር መሠረቱ የተዛነፈ ቤት ላይ በር እንደ መግጠም ነው። ከላይ ሲድን ከታች ዓይንና ጡንቻ ይገባል።

ሌላው ችግር ብርሃኑ ራሱ ወጣ ገባ ሲሆን ነው። ለመቀበያው ቅርብ የሆነው ወገን ይደምቃል፣ የራቀው ይደበዝዛል። ፕሮግራሙ ድብዛዛውን «አንጎል አይደለም» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኤንፎር የተባለ ማስተካከያ ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከገፈፋው በፊት ይሠራል።

ፍሪሰርፈር የተባለው ፕሮግራም መንገዱ ለየት ይላል፤ ምስሉን እንደ መሬት፣ ብርሃኑን እንደ ከፍታና ዝቅታ ቆጥሮ ውሃ ይሞላበታል። ስለ ተፋሰስ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የውሃ ልኩ መነሻ 25 ነው፤ አንጎል ከተቆረጠ ይጨመራል፣ ቅል ከቀረ ይቀነሳል።

አሁን አሁን በማሽን ትምህርት የሠለጠኑ መሣሪያዎች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሲንዝስትሪፕ በኮምፒውተር በተፈጠሩ፣ ሆን ተብሎ ብርሃናቸው በተቀያየረ ምስሎች የሠለጠነ በመሆኑ የማሽን ልዩነት ብዙም አይበግረውም። እኔም ዛሬ የምጀምረው በሱ ነው። ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ያለፈበት ወይም ትልቅ ዕጢ ያለበት ጭንቅላት ሲመጣ ውጤቱን በዓይኔ ሳላይ አላሳልፍም፤ ከጎን፣ ከፊትና ከላይ እያገላበጡ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለቤተሰብም የምመክረው ይኸንኑ ነው፦ ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ማሽን ነው የተነሱት? የተገፈፈውን ምስል ያየው ሰው አለ? ብላችሁ በትህትና ጠይቁ።

በነገራችን ላይ፣ ሆስፒታል የሚሰጣችሁን ሲዲ ለማንም አትበትኑ። ቅሉ ያልተገፈፈ ምስል ፊት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት የ84 ፈቃደኞችን ኤምአርአይ ወደ ፊት ምስል ለውጦ ከፎቶግራፋቸው ጋር ሲያስተያይ፣ ኮምፒውተሩ ከመቶ 83ቱን በትክክል ለይቷቸዋል። ስም ተሰርዟል ማለት ሰውየው አይታወቅም ማለት አይደለም።